ስለ እከክ፣ ስለ ጭርት እና በጅማ ስላለ አንድ መድኃኒት ቤት

በጅማ ከተማ ከሂርማታ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ስለሚገኝ አንድ ጠባብ መድኃኒት ቤት ለመጻፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አልፎኛል። የዘገየሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የገዛሁት መድኃኒት በእርግጥ መሥራቱን ለማወቅ ስድስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ስለነበረብኝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የታከምንለት በሽታ እከክ በመሆኑ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው «እከክ ቤቴ ገብቶ ነበር» ብሎ በአደባባይ ለመጻፍ ትንሽ ድፍረት ይጠይቀዋል። የቤቱ ባለቤት የሆነችው ፋርማሲስት ስም እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ አልጠቅስም፤ ይሁን እንጂ በዚያ አካባቢ «ሳታይ የማትሸጠዋ ልጅ የት ናት?» ብሎ የጠየቀ ሰው መንገዱን የሚያሳየው አያጣም።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ጠንከር ባለበት ሰሞን ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች እጇንና ሆዷን ትፎክት ጀመር። ቀን እንደ ወትሮዋ ትጫወታለች፤ መብራት ጠፍቶ ብርድ ልብሱ መሞቅ ሲጀምር ግን ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሣታል። እኔ ትንኝ ነው ስል፣ ባለቤቴ ቁንጫ ነው ስትል፣ እናቴ ደግሞ «ሰውነቷ ተቆጥቶ ነው» ሲሉ ሦስታችንም በየፊናችን ፈረድን። ከዚያም ወደ አንድ ሌላ መድኃኒት መሸጫ ሄጄ ሁኔታውን በቃል ስነግረው፣ ሻጩ ልጅቷን አምጣት እንኳ ሳይለኝ ከመደርደሪያው አንድ ቱቦ ቅባት አንሥቶ ሰጠኝ። በቱቦው ላይ የተጻፉትን ስሞች አስተውዬ ያነበብኳቸው በኋላ ነው፦ ቤታሜታዞን፣ ጄንታማይሲን፣ ክሎትሪማዞል። የመጀመሪያው የቆዳን መቆጣት የሚያስታግስ ስቴሮይድ፣ ሁለተኛው ፀረ ባክቴሪያ፣ ሦስተኛው ፀረ ፈንገስ ነው። ሻጩ በሽታው ምን እንደሆነ ስላላወቀ አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል ብሎ ሦስቱንም በአንድ ቱቦ ሸጠልኝ ማለት ነው። ከሦስቱ ግን የእከክን ተባይ የሚገድል አንድም የለበትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ቅባቱ በመጀመሪያው ሳምንት ተአምር መስሎን ነበር። ቅላቱ ደበዘዘ፣ ማሳከኩ ረገብ አለ፣ ልጅቷም ተኛች። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ቱቦ ገዛሁ። ስቴሮይድ ቆዳው የሚያሰማውን ጩኸት ዝም ያሰኛል እንጂ ጩኸቱን ያመጣውን ነገር እንደማያስወግድ የገባኝ፣ ሦስተኛው ቱቦ ሲጋመስ ማሳከኩ ከልጄ አልፎ አብራት ወደምትተኛው የእህቴ ልጅ፣ ከእሷም ወደ ባለቤቴ፣ በመጨረሻም ወደ እኔ ወገብ በደረሰ ጊዜ ነው። አንድ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ስንፎክት ሲያዩ፣ «እከክልኝ ልከክልህ ሆነ እኮ ቤታችሁ!» ብለው ከሳቁ በኋላ፣ «እዚያች ልጅ ዘንድ ሂድ፤ ልጅቷን ካልያዝክ ግን አትሸጥልህም» ሲሉ መከሩኝ።

እንዳሉትም ሆነ። ፋርማሲስቷ ስለ መድኃኒት ከማውራቷ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ ማሳከኩ ሌሊት ይብስ እንደሆነ፣ በቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው እንዳለ፣ እስካሁንስ ምን ስንቀባ እንደቆየን። የያዝኩትን ባዶ ቱቦ ስታይ ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች፤ ስለ ሻጩ ክፉ ቃል አልወጣትም። ቀጥላም ልጅቷን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ በማጉያ መነጽርና በስልኳ መብራት የጣቶቿን መሐል፣ የእጅ አንጓዋን፣ ክርኗን፣ ብብቷን፣ እምብርቷን ዙሪያውን አየች። በግራ እጇ ሁለት ጣቶች መካከል ያገኘችውን ለእኔም አሳየችኝ፤ በጣም በተቀረጸ እርሳስ የተሞነጫጨረ የሚመስል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ጠመዝማዛ መስመር ነበር። ይህ የሴቷ ተባይ ዋሻ ነው። ተባይዋ ራሷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የምታንስ በመሆኗ በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል፤ የላይኛውን ቆዳ እየቆፈረች በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሎቹም በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ። በተለመደው እከክ በአንድ ሰው ገላ ላይ የሚገኙት ተባዮች አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ብቻ ናቸው ስትለኝ ማመን ቸገረኝ፤ ሰውነትን ሁሉ የሚያሳክከው የተባዩ ብዛት ሳይሆን፣ ሰውነታችን ለተባዩ፣ ለእንቁላሉና ለኩሱ የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ ነው።

በዚህ ምልልስ መሐል የተነገረችኝ አንዲት ነገር ለቤታችን ሰላም ከመድኃኒቱ ያላነሰ ጠቅማለች። እናቴ በሽታውን ያመጣችው በግንቦት አጋማሽ ከሰቃ ጨቆርሳ የመጣችው የእህቴ ልጅ ናት ብለው ደምድመው ነበር፤ ልጅቷም ይህንን ሰምታ አንገቷን ደፍታ ነበር የከረመችው። ፋርማሲስቷ እንዳስረዳችኝ ግን፣ ከዚህ በፊት እከክ ይዞት የማያውቅ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ተባዩ ከገባበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ቀድሞ ይዞት ለሚያውቅ ሰው ደግሞ በአንድና በአራት ቀን መካከል ነው። ሒሳቡን ወደ ኋላ ስንቆጥር የእኔ ልጅ የተያዘችው በሚያዝያ ውስጥ፣ የእህቴ ልጅ ገና እናቷ ቤት ሳለች ነው። ያስያዘቻት የእኔዋ ልጅ ኖራለች። ይህን ለእናቴ ስነግራቸው ልጅቷን ጠርተው ግንባሯን ሳሟት።

አሁን ወደ ምርቱ ልምጣ። የተሰጠን ቤንዚል ቤንዞኤት የተባለ፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ቢቢኤል የሚሉት፣ ወተት የሚመስል 25 በመቶ ፈሳሽ ነው። ለእኛ ለትልልቆቹ እንዳለ፣ ለሁለቱ ልጆች ግን እኩል መጠን ያለው ውኃ ተቀላቅሎበት ወደ 12.5 በመቶ ወርዶ ተሰጠን፤ ባለሙያዋ ውኃውን በመለኪያ ብርጭቆ ራሷ ለክታ ቀላቅላ በጠርሙሱ ላይ «የልጆች» ብላ ጻፈችበት። በቤታችን ላለው የዓመት ከስድስት ወር ሕፃን ይህን ፈሳሽ አልሰጠችም፤ እሱ የሰልፈር ቅባት ተሰጠው። ሰልፈሩ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያለውና ልብስ የሚያበላሽ ቢሆንም፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የሚስማማ የቆየ መድኃኒት ነው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ መሆን አለመሆኗንም አስቀድማ ጠይቃለች፤ ይህን ጥያቄ የመጀመሪያው ሻጭ ሊጠይቀኝ አልታሰበውም ነበር።

አቀባቡን በተመለከተ የተነገረን ዝርዝር በጥንቃቄ የሚፈጸም ነው። ገላን በሳሙና ታጥቦ፣ ሙሉ በሙሉ ተደራርቆ፣ ሰውነት ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከአገጭ በታች እስከ ውስጥ እግር ድረስ አንዲት ቦታ ሳይዘለል መቀባት ያስፈልጋል፤ የሚያሳክከውን ቦታ ብቻ መቀባት ከንቱ ድካም ነው። ጥፍር ተቆርጦ ከጥፍር ሥር፣ በጣቶች መሐል፣ በእምብርት ውስጥ፣ በብሽሽትና በመቀመጫ ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። እጁን የታጠበ ሰው እጁን እንደገና ይቀባል። ሕፃናት ላይ ተባዩ ፊትንና ጭንቅላትን ስለሚይዝ፣ ለሕፃኑ ዓይንና አፍ ብቻ ቀርቶ ራሱም ፊቱም እንዲቀባ፣ እጁን እንዳይልስ ደግሞ ካልሲ እንዲደረግለት ታዘዝን። ፈሳሹ በየ24 ሰዓቱ እየታጠበ ለሦስት ተከታታይ ሌሊት ይደገማል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም ሁለተኛ ዙር አለ። የሁለተኛውን ዙር ቀን በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በጥቁር ቀለም ጽፋልናለች።

የመድኃኒቱን ጠባይ ሳልደብቅ ልናገር። ሽታው ስለታም ነው፤ ቆዳ በተላጠበት ቦታ ላይ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ልጄ በመጀመሪያው ሌሊት አልቅሳለች፤ በሁለተኛው ሌሊት ግን የተፎከተው ቆዳ መዳን ስለጀመረ ማቃጠሉ በግማሽ ቀንሶ ነበር። ሰባት ሰው በአንድ ምሽት ማጠብና መቀባት ቀላል አይደለም። የቧንቧ ውኃ በዚያ ቀን ስላልነበረ በጀሪካን የተጠራቀመውን አሙቀን በተራ ታጠብን፤ ሴቶቹ በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው ሆነን ስንቀባባ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየን። ጀርባን ራስ መቀባት ስለማይቻል፣ ጎረቤታችን ያሉት ተረት በዚያ ሌሊት እውነት ሆነ።

ችግር የሆኑብን እናቴ ነበሩ። «እኔን አያሳክከኝም፤ የማያመኝን ምን ብዬ እቀባለሁ?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። በዚያው ምሽት ፋርማሲስቷ ዘንድ ደውዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። «እማማ፣ እርስዎን ባያሳክክዎትም ተባዩ እስኪያሳክክ ድረስ አንድ ወር ተደብቆ ይቀመጣል፤ እነሱ ድነው ሲያበቁ ተመልሶ ከእርስዎ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል» አለቻቸው። ስለ ሕፃኑ ሲሰሙ ተሸነፉ። በእርግጥም እከክ በአንድ ቤት ውስጥ የሚመላለሰው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ደክሞ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ሳይታከም ቀርቶ ወይም ሁለተኛው ዙር ተረስቶ ነው። የቤት ሠራተኛችንም እንደማንኛችን በዚያው ሌሊት ታክማለች፤ ይህን የምጽፈው የቤት ሠራተኛን ከቤተሰብ ሳይቆጥሩ የሚያልፉ ብዙ ቤቶችን ስለማውቅ ነው።

ስለ ልብስና አንሶላ የሰጠችው ምክር ከሁሉ ይልቅ ለጅማ ክረምት የተስማማ ነው። በሞቀ ውኃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጥሩ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በሐምሌ ጅማ ላይ ብርድ ልብስ አጥቦ የሚያደርቅ ሰው ካለ ምስጢሩን ይንገረን። ተባዩ ከሰው ገላ ውጭ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ስለማይኖር፣ ማጠብ ያልተቻለውን ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ሹራብ በትልቅ ፌስታል ውስጥ አፉን አጥብቆ አስሮ ለሦስት ቀን፣ ለጥንቃቄም ለአንድ ሳምንት ማስቀመጥ ይበቃል አለችን። አራት ትልልቅ ፌስታል ሞልተን በኮርኒሱ ሥር ደረደርናቸው። ፍራሽ ማቃጠል፣ ቤት በተባይ መርዝ መርጨት፣ ሰው ላይ ነጭ ጋዝ መቀባት የሚባሉት ሁሉ አላስፈላጊ፣ የኋለኛው ደግሞ አደገኛ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ሁለተኛውን ዙር ብንጀምርም ባለቤቴ አሁንም ያሳክካት ስለነበር፣ ጠንከር ያለ ሌላ መድኃኒት ልገዛ ገንዘብ አውጥቼ ቆምኩ። ፋርማሲስቷ ሌላ ቢቢኤል ብትሸጥልኝ አልከለክላትም ነበር፤ እሷ ግን አልሸጠችልኝም። ተባዩ ከሞተ በኋላ ሬሳውና ኩሱ በቆዳው ውስጥ እስኪጠረግ ማሳከኩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል፣ ይህን እንደ መድኃኒቱ መክሸፍ ቆጥረው በየቀኑ የሚቀቡ ሰዎች ደግሞ ቆዳቸውን አድርቀው ሌላ ማሳከክ እንደሚያመጡ ነገረችኝ። አዲስ ሽፍታ ወይም አዲስ መስመር ካልታየ መጠበቅ ነው። ሌሊት ለማስተኛት የሚሆን የማሳከክ ማስታገሻ ክኒንና አንድ ቫዝሊን ብቻ ሸጠችልኝ። የሁለቱ ዋጋ ቀድሞ በከንቱ ከገዛኋቸው ሦስት ቱቦዎች የአንዱን ያህል እንኳ አይሆንም ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ቤታችን ውስጥ የሚፎክት ሰው አልቀረም።

በእህቴ ልጅ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጨምሮ ነበር። በጣቶቿ ላይ ተፎክተው የተላጡት ቦታዎች መግል ቋጥረው፣ ማር የደረቀበት የሚመስል ቢጫ ቅርፊት አውጥተው ነበር። ይህ እከክ ሳይሆን በተላጠው ቆዳ የገባ የባክቴሪያ ቁስለት ነው፤ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት ተዋሕስያን ያመጡታል። ባለሙያዋ አንቲባዮቲክ ከመደርደሪያ አንሥታ ልትሰጠኝ ትችል ነበር፤ ብዙ ቦታ እንደዚያ ይደረጋል። እሷ ግን ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወስጄ በማዘዣ እንድመለስ አሳሰበችኝ፤ ምክንያቱንም ስትነግረኝ፣ እንዲህ ያለው የቆዳ ቁስለት አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ በሕፃናት ላይ የኩላሊት መቆጣት ሊያስከትል እንደሚችልና ፊት ማበጥ ወይም ሽንት መቅላት ከታየ ፈጥኜ ማሳየት እንዳለብኝ አስጠነቀቀችኝ። ጤና ጣቢያው ክሎክሳሲሊን አዘዘላት፤ በሳምንት ውስጥም ቅርፊቱ ተራገፈ።

ተራ ስጠብቅ ካየኋቸው ሰዎች መካከል አንዱን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። አንዲት እናት ጭንቅላቱ ላይ ጭርት ያለበትን ልጅ ይዘው መጥተው ክሎትሪማዞል ቅባት እንዲሸጥላቸው ጠየቁ። ፀጉሩ በሁለት ቦታ ክብ ሆኖ ረግፎ፣ የቀረው ከሥሩ ተሰባብሮ ነጠብጣብ መስሏል። ቅባቱ በገላ ላይ ለሚወጣ ጭርት ጥሩ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ጠፋ ከተባለም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሲቀባ ያድናል። በጭንቅላት ላይ ግን ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም፤ ግሪሲዮፉልቪንን የመሰለ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መውሰድ ያስፈልጋል። እናትየዋ የሰፈር ሰው ነጭ ሽንኩርት ፈጭተው እንዲለጥፉበት መክሯቸው እንደነበር ሲናገሩ፣ በልጁ ጆሮ ሥር የነበረው ቃጠሎ ከየት እንደመጣ ገባን። ባለሙያዋ በአፋን ኦሮሞ ረጋ ብላ አስረድታ፣ ልጁ ማበጠሪያና ኮፍያ ለወንድሞቹ እንዳያውስ፣ ፀጉር አስተካካዩም ማሽኑን እንዲያጸዳ ነግራ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትቀበል ወደ ሐኪም ሸኘቻቸው። ከአጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «እንዲህ እየሸኘች ምን ትበላለች?» ብለው አጉረመረሙ። እኔም ያንኑ ሳስብ ነበር።

ስለ ጭርት ከተነሣ፣ እኔን እንደሸወደኝ ያለውን ድብልቅ ቅባት በጭርት ላይ መቀባት ከእከኩም የባሰ ያታልላል። ስቴሮይዱ የጭርቱን ክብ ጠርዝ አደብዝዞ መልኩን ስለሚለውጠው፣ በኋላ ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ እንኳ በቀላሉ እንዳይታወቅ ያደርገዋል፤ ፈንገሱም የሰውነት መከላከያ ስለሚዳከምለት በሰፊው ይዘረጋል። ክሎቤታሶልን የመሳሰሉትን ብርቱ ስቴሮይዶች ፊት ለማቅላት ሲሉ ለወራት የሚቀቡ ወጣቶች ቆዳቸው ሳስቶ የደም ሥራቸው ሲታይ እናያለን፤ ይህ ቤት ለዚያ ዓላማ ለሚመጣ ሰው እንደማይሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገዢዋም ተቆጥታ ወጥታለች።

ቋቁቻ፣ ሙጀሌ፣ ቅማል እና በቦቲ ጫማ ውስጥ ውለው የሚያድሩ እግሮች የሚያወጡት የጣት መሐል ፈንገስ ሁሉ በዚህች ጠባብ ቤት በር በኩል ያልፋሉ። ለአብዛኛው ምክሯ አጭር ነው። ቋቁቻ በመድኃኒት ከሞተ በኋላም የቆዳው ቀለም ለመመለስ ወራት እንደሚፈጅ፣ ሙጀሌን በጋራ መርፌ መንቀስ ቴታነስና ሌላም በሽታ እንደሚያመጣ ትናገራለች። አንድ ነገር ሲያጋጥማት ግን ምንም ሳትሸጥ ቶሎ ትልካለች፤ ነጣ ያለና ሲነካ ስሜት የሌለው የቆዳ ምልክት። ይህ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል በቅባት ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ሕክምናው ነጻ ነው፣ ቀድሞ ለመጣም ሰው ጉዳት ሳያደርስ ይድናል። እግር በድንገት ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ትኩሳት ያለበት ሰውም ከመድኃኒት ቤት ይልቅ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሄድ እንዳለበት ትመክራለች።

አንባቢ «ከቢቢኤል የተሻለ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ክሬም አለ። ማታ ተቀብቶ ከስምንት እስከ አሥራ አራት ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል፤ እንደ ቢቢኤሉ አያቃጥልም፣ ሽታም የለውም፣ ከሁለት ወር በላይ ለሆናቸው ሕፃናትም ይሆናል። ቢገኝ እኔም እሱን እመርጥ ነበር፤ በሄድኩበት ቀን ግን አልነበረም፣ ለሰባት ሰው ቢገዛም ከቢቢኤሉ ይልቅ ኪስ ይጎዳል። አይቨርሜክቲን የተባለው ክኒንም አለ። ይህ በአካባቢያችን ለኦንኮ (በጥቁር ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው የዓይንና የቆዳ በሽታ) መከላከያ በዘመቻ፣ ሰው በቁመት እየተለካ የሚታደለው መድኃኒት ነው፤ ያገኙት ሳይንቲስቶች በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ለእከክ የሚሰጠው በክብደት ተሰልቶ ሲሆን፣ እንቁላሉን ስለማይገድል ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል፤ ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። ለከብት ተብሎ የሚሸጠውን የዚሁ መድኃኒት መርፌ ለሰው እንጠቀማለን የሚሉ ሰዎች ስላጋጠሙኝ፣ ይህ ፈጽሞ የማይደረግ መሆኑን ላሳስብ እወዳለሁ።

ቤቱ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። ዋናው ጉድለቱ ገላን ከሰው ዓይን ከልሎ ለማሳየት የሚሆን ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። ባለሙያዋ «ሳላይ አልሸጥም» ማለቷ ትክክል ቢሆንም፣ ባለቤቴ በወገቧና በጡቷ ሥር የወጣውን ሽፍታ ለማሳየት ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ካርቶን በተደረደረበት ሥርቻ ጎንበስ ብላ መቆም ነበረባት፤ አንዲት መጋረጃ ብትሰቀል ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት ሳያሳዩ እንደሚመለሱ እገምታለሁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ማለት የሚቀለው መደበቂያው ሳይሆን ማሳያው ቦታ ሲኖር ነው። ሁለተኛ፣ አንድን ሰው በሩብ ሰዓት የምታስተናግድ ባለሙያ ብቻዋን ስትሠራ ሰልፉ እስከ በረንዳው ይደርሳል፤ ቅዳሜ የሄደ ሰው ትዕግሥት ይዞ ይሂድ። ሦስተኛ፣ ከእሷ ሌላ የሚሸጠው ረዳት ሲኖር ያው ጥንቃቄ የለም፤ አንድ ቀን እሷ በሌለችበት ስሄድ ወጣቱ ምንም ሳይጠይቀኝ ሊሸጥልኝ ነበር።

በጠርሙሱ ላይ ያለው የአጠቃቀም መመሪያ በሙሉ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጉንዳን ፊደል የተጻፈ መሆኑ የእሷ ጥፋት ባይሆንም የምርቱ ትልቅ ጉድለት ነው። እናቴ አያነቡትም፤ የቤት ሠራተኛችን አታነበውም፤ እኔም ያነበብኩት መነጽሬን አድርጌ ነው። እከክ ደግሞ በአብዛኛው የሚይዘው ተጨናንቀው የሚኖሩትን ሰዎች ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ የመደበው፣ በማንኛውም ጊዜ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይዞ እንደሚገኝም የገለጸው ይህንኑ በሽታ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ላይ «ለሁሉም የቤት ሰው፣ በአንድ ሌሊት፣ ከሳምንት በኋላ ድገም» የሚል አንድ መስመር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ከጠርሙሱ ውስጥ ካለው ፈሳሽ እኩል ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ቅሬታዬን ስነግራት ፋርማሲስቷ ሳቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መምህር አይደሉ? ይጻፉልኛ!» አለችኝ። አማርኛውን እኔ፣ አፋን ኦሮሞውን አብሮኝ የሚያስተምር ባልደረባዬ ጽፈን፣ «እከክ» ከሚለው ጎን «ጪቶ» የሚለውን አክለን በአንድ ገጽ ወሰድንላት። ባለፈው ማክሰኞ ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ስሄድ ወረቀቱ ተባዝቶ፣ በእያንዳንዱ የቢቢኤል ጠርሙስ ላይ በላስቲክ ታስሮ አየሁት። መጋረጃው ግን ገና አልተሰቀለም።